አልወለድኳትም

ፀዳለ የአጥሩን የቆርቆሮ በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ቤት ውስጥ ሽማግሌውን አንድ ዓረፍተ ነገር እያስጠኗቸው ነበር። የሳሎኑ በር ገርበብ ያለ በመሆኑ የሚባለው ሁሉ እስከ ግቢው ይሰማል። «‹አሳደግኳት እንጂ አልወለድኳትም› ይበሉ። ይኸው ነው አባ፣ ሌላ ምንም አይጨምሩበት» ይላል ልጃቸው ኢፋ በኦሮምኛ። «በሉ እስቲ ይድገሙት።» ሽማግሌው አልደገሙትም። ከዚያ እህቱ ጊፍቲ ተቀበለችውና ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቃሉን ከፋፍላ፣ ድምጿን አለስልሳ፣ ደጋግማ አለችላቸው። ኦቦ ዓብዲሳ ሰማንያ ሊደፍኑ ምንም ያህል አልቀራቸውም፤ ሰው በዚህ ዕድሜው ከጸሎት ሌላ አጥና ሲባል አያምርም። ፀዳለ ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ ከጊንጪ አምቦ ድረስ ያመጣችውን ድንች በፌስታል እንዳንጠለጠለች፣ መግባትም መመለስም አቅቷት ቆመች። አልወለድኳትም የሚባልላት እሷ ናት። እንዲባልላት የለመነችውም ራሷ ናት።

ፀዳለ ጤና ረዳት ናት። መርፌ ስትወጋ፣ ቁስል ስትጠርግ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወገብ ስትደግፍ ነው ፀጉሯ የሸበተው። በደርግ ጊዜ ከማሠልጠኛ ስትወጣ የተሰጣት ሰርተፊኬት «ፀዳለ ዓብዲሳ» ይላል። የቀበሌ መታወቂያዋ ግን «ፀዳለ ፈየራ» ነው። ፈየራ ወላጅ አባቷ ነው፤ መልኩን አታውቀውም፤ እሷ ሳትወለድ ነው የሞተው። እናቷም ጡት ሳታስጥላት ሞተችና የእናቷ ወንድም ኦቦ ዓብዲሳ ከእጃጂ በበቅሎ ታቅፈው አምጥተው አሳደጓት። ትምህርት ቤት ያስመዘገቧት ቀን የአባቷን ስም ሲጠየቁም ዐይናቸውን ሳያሹ የራሳቸውን ሰጡ። ያኔ ለምን ያለ የለም፤ በዚያ ዘመን አጎቱ ያሳደገው ልጅ በአጎቱ ስም ይጠራል፣ አለቀ። አሁን በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን የጤና ባለሙያ ሁሉ ሰርተፊኬቱ ከመዝገብ ጋር እየተመሳከረ የሙያ ፈቃዱ ይታደስ ተባለ። ፀዳለ የምትሠራበት የጊንጪው ክሊኒክ ባለቤት ደግፌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ግን ዐይኑን ከዐይኗ እያሸሸ፣ «ተቆጣጣሪዎቹ ሰኞ ሳምንት ይመጣሉ። የታደሰ ፈቃድ ከሌለሽ መርፌ ላስነካሽ አልችልም፣ ክሊኒኩን ይዘጉብኛል። አትቀየሚኝ እህቴ» ብሏታል። ባሏ አመዩ ከሞተ ወዲህ የእሷ ቤት የሚበላው እሷ ነጭ ጋውን ለብሳ ስለምትወጣ ነው። ልጇ መቲ ገና ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።

አምቦ ካለው የፈቃድ ቢሮ የመዝገብ ሠራተኛው ጅሩ ስሟን ፈልጎ አግኝቶላት ነበር። ቁጥሩ አለ፣ የተመረቀችበት ዓመት አለ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶዋ ሳይቀር ተለጥፏል፤ ፀጉሯን አፍሮ ያበጠረች ቀጭን ልጅ። ጅሩ ፎቶውንና ፊቷን እያፈራረቀ አየና፣ «አንቺ ለመሆንሽ እኔ አልጠራጠርም። ግን ዓብዲሳና ፈየራ እንዴት አንድ ሰው ይሆናሉ? ፍርድ ቤት ሂጂና ሁለቱም ስም ያንድ ሰው ነው አስብለሽ ነይ» አላት። ፍርድ ቤት ስትሄድ ደግሞ ስሙን የሰጡት ሰው በሕይወት ካሉ ቀርበው ቃላቸውን ይስጡ፣ ሁለት የቤተሰብ ምስክርም ይጨመር አሏት። ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። እሑድ ዕለት መጥታ ስትነግራቸው ኢፋ ለረጅም ጊዜ የጥርስ ስንጥር ሲያኝክ ቆየና፣ «እንመሰክራለን፣ ለምን አንመሰክርም?» አለ። «ግን አባ ራሳቸው አልወለድኳትም ብለው ይናገሩ። ነገሩ ከተነሳ አይቀር ጥርት ይበል። ኋላ ሌላ ነገር እንዳይመጣ።» ሌላ ነገር ያለው የቤቱን ውርስ ነው። ወደ ሁሉቃ ወንዝ ቁልቁል የሚያየው ይህ የጭቃ ቤት፣ መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ደላላ በሳምንት አንዴ የሚያንኳኳው ሆኗል። ፀዳለ ስለ ቤቱ አስባ አታውቅም። አብራው ከአንድ ገበታ በልታ ካደገችው ልጅ አፍ ይህን መስማቷ ግን እንደ በርበሬ ፊቷን አቃጠላት። ጊፍቲ ያን ጊዜ አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን ዳንቴል ስታስተካክል ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እህትና ወንድሙ በጠባይ አይገናኙም፤ ያን ቀን ግን ጊፍቲ ወንድሟን አልተቃወመችም።

ፀዳለ በመጨረሻ ጉሮሮዋን ጠረገችና ገባች። ጥናቱ ተቋረጠ። ሳሎኑ ያው የምታውቀው ሳሎን ነው፤ ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶ ፕላስቲክ አበባ ተደርጎለት፣ ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አዲሱ ሶፋ ከነላስቲኩ። ኦቦ ዓብዲሳ በመስኮቱ በኩል ባለችው አሮጌ ወንበራቸው ላይ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ለለቅሶና ለጌታ እራት ካልሆነ ያን ኮት አይለብሱትም። ጊፍቲ ፌስታሉን ተቀበለቻትና ድንች ጊንጪ ስንት ገባ ብላ ጠየቀች። ፀዳለ ነገረቻት። «እዚህ እኮ እጥፍ ነው፤ ያውም ውስጡ የጠቆረ» አለች ጊፍቲ። ሽንኩርቱም እንዲሁ እንደሆነ ተነጋገሩ። ዘይት እንደጠፋ ተነጋገሩ። የሽንኩርት ዋጋ የማይሸፍነው ነገር የለም፤ እዚህ አገር ስንት ቁስል በሽንኩርት ዋጋ ተሸፍኖ አልፏል። ኢፋ ሰዓቱን እያየ ወጥቶ ባጃጅ ሊጠራ ሄደ፤ ጊፍቲም ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ኦቦ ዓብዲሳ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉ።

«ደህና ነው አባ። ለወረቀት ብቻ ነው እኮ» አለች ፀዳለ ያልተጠየቀችውን። «ከአፍ የሚወጣ ነው እንጂ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ለሠርግሽም ያላችሁኝ እንዲሁ ነበር።»

ሠርጓን በዚህ አፍ አንስተውባት አያውቁም። አመዩ ሽማግሌ የላከ ጊዜ የነገሩ መጀመሪያ ደስታ ነበር፤ ኋላ ግን ጎሳ ሲቆጠር አመዩና ኦቦ ዓብዲሳ ከአንድ ጎሳ ሆነው ተገኙ። ጎሳ የሚቆጠረው በአባት ነው፤ ከአንድ ጎሳ የሆነ ሰው አይጋባም፤ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው ልጅ የሚዳረው፣ ጴንጤም ሆነ ኦርቶዶክስ። የዓብዲሳ ልጅ ከተባለች ሠርግ የለም ማለት ነው። ፀዳለ ያን ሌሊት ስታለቅስ አደረች፤ በማግስቱ ኦቦ ዓብዲሳ ሽማግሎቹ ፊት ቆመው «የፈየራ ልጅ ናት፣ እኔ አልወለድኳትም፣ ጎሳዋ ሌላ ነው» ብለው ተናገሩ። ጋብቻው በፈየራ ስም ተጻፈ፤ መታወቂያዋም ኋላ ያንን ተከተለ። ሁሉም እልል አለ። እሷም በደስታዋ ብዛት፣ አሳዳጊዋ ያን ቀን ወደ ገበታው እንዳልቀረቡ ያስተዋለችው ከዓመታት በኋላ የዚያን ቀን ፎቶዎች ስታገላብጥ ነው። አንዱም ፎቶ ላይ የሉበትም።

ፍርድ ቤት በባጃጅ ሄዱ፤ ሦስቱ ከኋላ፣ ኢፋ ከሾፌሩ ጎን ተጣቦ። ሾፌሩ ወሬኛ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመጡ ወዲህ ኪራይ እንደማይቀመስ፣ ትናንት ከሰንቀሌ መታጠፊያ አንድ አይሱዙ እንደተገለበጠ ነገራቸው። ኦቦ ዓብዲሳ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የባጃጁን ብረት ይዘው ውጭ ውጭውን ያያሉ። ፀዳለ ትከሻቸው ትከሻዋን ሲነካት ልጅ ሆና ገበያ ሲወስዷት ታስታውስ ነበር፤ ሰው በበዛበት ቦታ ሁሉ የሻሿን ጫፍ ይይዙ ነበር፣ እንዳትጠፋባቸው። ተመለሱ ልበል እንዴ ብላ አሰበች። ቀጥሎ ሰኞን አሰበች፤ ደግፌ ጋውኑን ሲቀበላት፣ መቲ ሻንጣዋን ይዛ ከኮሌጅ ስትመለስ።

የፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተሰልፈዋል። ውስጥ አግዳሚው ላይ የድንበር ሙግት ያላቸው ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ። ተራቸው እስኪደርስ ረፋዱ ሄደ። ችሎቱ የነበረበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ባለተራዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ ግድግዳ የተደገፉ የፋይል ክምሮች፣ ጥግ ላይ የተበላሸ የኮምፒውተር ማሽን። ዳኛዋ የፀዳለ የመጀመሪያ ልጅ ለመሆን የምትበቃ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ግን የወጣት ችኮላ የለም። አቤቱታውን በኦሮምኛ አነበበች፤ ከዚያ ለኦቦ ዓብዲሳ ወንበር እንዲሰጣቸው አዘዘች። እሳቸው ቆመው መማልን መረጡ። መዳፋቸውን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አደረጉና እውነት እንደሚናገሩ ማሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ኢፋ አፉን እያንቀሳቀሰ ከኋላ ዓረፍተ ነገሩን ለብቻው ይለዋል፤ በአባቱ ፈንታ የሚፈተን ይመስል።

«ይህችን ሴት ያውቋታል?» አለች ዳኛዋ።

«አውቃታለሁ።»

«ምንዎ ናት?»

ኦቦ ዓብዲሳ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ኢንተለ ኮቲ» አሉ። ልጄ ናት።

ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። ዳኛዋ አቤቱታውን እንደገና ገልጣ፣ «ኦቦ፣ እዚህ የተጻፈው አሳዳጊዋ ናቸው፣ ወላጅዋ አይደሉም ነው የሚለው» አለች።

«እሱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

አግዳሚው ላይ አንድ ገበሬ ሳቀና መልሶ ዋጠው። «የምጠይቅዎ ወልደዋታል ወይ ብዬ ነው» አለች ዳኛዋ፣ ሳትቆጣ።

ሽማግሌው ወደ ፀዳለ አልዞሩም። «እኔ ድሮ አንድ ቀን፣ ለትዳሯ ብዬ፣ ሽማግሎች ፊት አልወለድኳትም ብያለሁ። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ተንበርክኬ አምላኬን ይቅር በለኝ አልኩት፤ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም አልኩት። አሁን እናንተ መጽሐፉን አስይዛችሁ ድገመው ትሉኛላችሁ። አልደግመውም። ልጄ ናት። ሌላ የምትጠይቁኝ አለ?»

«ጉዲፈቻ ተፈጽሞ ነበር?»

«እናቷ እኮ እህቴ ናት፤ እጄ ላይ አስቀምጣት ነው የሞተችው። ማንን አስፈቅጄ ነው ጉዲፈቻ የምፈጽመው?»

ያን ጊዜ ኢፋ ሳይፈቀድለት ብድግ ብሎ፣ አባቱ እርጅና እንደተጫናቸው፣ የተባለው እንዲህ እንዳልነበረ፣ ይህ እንዲመዘገብበት እንደማይፈልግ፣ እህቱም እንደማትፈልግ ተናገረ። ዳኛዋ በእጇ አስቀመጠችው። ጊፍቲ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነበር። ፀዳለ ደግሞ የሆነውን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነው፤ እውነቱ ይነገር ካልን ደስታ ነው። ሃምሳ ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት፣ ችሎት መካከል ቆማ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ደስ አላት። አባት አላት። ምለው ተናግረውላታል። ከዚያ ደስታው ሳይጠገብ ሰኞ ትዝ አላት።

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ ነገሩን አስረዳች። ኦቦ ዓብዲሳ ወላጅ ነኝ ካሉ ሰርተፊኬቱ ልክ ነው፣ የሚታረመው መታወቂያው ነው ማለት ነው። ያ ደግሞ ልጆቻቸው እየተቃወሙ ዛሬ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ መዝገብ ይከፈታል፣ ሌላ ምስክር ይሰማል፣ ፍርድ ቤቱም በቅርቡ ለክረምቱ ይዘጋል። «አመልካች» አለች ወደ ፀዳለ ዞራ። «መታወቂያዎና የጋብቻ ወረቀትዎ ፈየራ ነው የሚሉት። ሁለት ምስክሮችም አሉ። የእርስዎ ቃል ከእነሱ ጋር ከተስማማ አሁኑኑ ልወስን እችላለሁ። ካልሆነ ለጥቅምት እቀጥረዋለሁ። እርስዎ ይናገሩ። ኦቦ ዓብዲሳ ወላጅ አባትዎ ናቸው?»

ፀዳለ ፊታቸውን ለማየት ፈልጋ ነበር። አልቻለችም። ያየችው ከዘራው ላይ የተደራረቡትን እጆቻቸውን ነው፤ ሁለቱም እጆች ፀጥ ብለው ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው እጆች ነበሩ። ጥቅምት ብላ አሰበች። ደግፌ እስከ ጥቅምት አይጠብቅም፤ ሥራ የሚፈልጉ ገና ከኮሌጅ የወጡ ነርሶች በየሳምንቱ ማመልከቻ ይዘው ይመጡበታል። ከዚህ ዕድሜ በኋላ እሷን ማን ይቀጥራል? መቲስ?

«አይደሉም» አለች።

«ጸሐፊው እንዲመዘግበው ሙሉውን ይበሉት።»

«ኦቦ ዓብዲሳ አባቴ አይደሉም። የእናቴ ወንድም ናቸው። አሳደጉኝ እንጂ አልወለዱኝም።»

ኢፋ ጠዋት ያስጠናው ዓረፍተ ነገር ምንም ሳይጎድል ከእሷ አፍ ወጣ። ማንም አላስጠናትም ነበር። ጸሐፊው እየደጋገመ ጻፈው፤ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ከዚያ ኢፋ መሰከረ፣ ጊፍቲም እንባዋ እየወረደ መሰከረች፣ ዳኛዋም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ወሰነች። ሲወጡ ኦቦ ዓብዲሳ የጊፍቲን ክንድ ይዘው ነበር። ፀዳለ በሌላው ጎን ልትደግፋቸው ቀረብ ስትል ከዘራቸውን ወደዚያኛው እጅ አዛወሩት፤ ክንዳቸው የሚያዝበት ቦታ አልነበረውም። ኢፋ ብቻ ደስ ብሎት ወደ እሷ ተመለሰና፣ «እንኳን ተገላገልሽ። ያንቺ ነገር ባይሆን እኮ እኔ ሥራ ትቼ አልመጣም» አላት።

የውሳኔው ግልባጭ እስኪተየብ ቆየ፤ ሲተየብ ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥተው ነበር። ፀዳለ ምሳ አልበላችም። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ የፈቃድ ቢሮው ስትደርስ ጅሩ በመስኮቱ በኩል ገና ሲያያት ፈገግ አለ። መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደው፤ አቧራውን በክንዱ ጠረገው። ቁጥሯን በጣቱ ተከትሎ አገኘና፣ ያቺን አፍሮ ልጅ አየት አድርጎ፣ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስለ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጻፈ። አዲሱን ፈቃድ ኮምፒውተር ላይ ሞልቶ አተመው፤ ኃላፊው ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እፍ ተባለበት። ፀዳለ ተቀብላ አነበበችው። «ፀዳለ ፈየራ፣ ጤና ረዳት» ይላል።

«ዓብዲሳ የሚለው የለበትም?» አለችው።

«አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለ ጅሩ ሳቅ ብሎ። «አንድ ጣጣ ነው የቀነስንልሽ። ሂጂ በይ፣ መልካም ሥራ።»

አመሰግናለሁ አለችው፤ ለሱም ተገቢው ነበር፣ ከልቡ ነው የረዳት። መናኸሪያው አጠገብ ረዳቶቹ ጊንጪ፣ ጊንጪ፣ አዲስ ዓለም እያሉ ይጣራሉ። አንዱ ክንዷን ይዞ ሊያስገባት ሲል አስለቀቀችና ቁልቁል ወደ ሁሉቃ አቅጣጫ ሄደች። ለመሄድ ማሰብ አላስፈለጋትም። የምትለውን ግን መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አባ፣ ትላለች። ጉልበታቸውን ትስማለች። ለመቲ ብዬ ነው ትላቸዋለች፤ እሳቸው መቲን ይወዳሉ፤ ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ይቆጣሉ። ቢቆጡ እንኳ ደስ ይላት ነበር፤ ቢሰድቧት፣ በከዘራው ቢመቷት። ልጅ የሚመታው አባቱ አይደል? ከሱቅ ለስላሳ ብስኩት ገዛች፤ በሻይ ነክረው የሚበሉትን። የአጥሩን በር ገፍታ ገባች።

ጊፍቲ ደጅ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ አየቻትና በዐይኗ ወደ ቤት አመለከተቻት። ፀዳለ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ ገባች። ኦቦ ዓብዲሳ ኮታቸውን አላወለቁም፤ ጠዋት በነበሩበት ተቀምጠዋል። ገብታ ሲያዩዋት ከዘራቸውን ፈለጉ፣ በሁለት እጃቸው ተመረኮዙት፣ ከወንበሩ ጋር እየታገሉ ብድግ ማለት ጀመሩ። ፀዳለ ወደ ውጭ ሊወጡ መስሏት ልትደግፋቸው ፈጠን አለች። ወደ ውጭ አልነበረም። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጧት።

«ኖር» አሉ በአማርኛ። «ይግቡ። ይግቡ እመይቴ።»

በዚያ ቤት አማርኛ የሚነገረው ከመሥሪያ ቤት ሰው ሲመጣና ከሩቅ አገር እንግዳ ሲገባ ነው። ፀዳለን አንድ ቀን እንኳ በአማርኛ አናግረዋት አያውቁም። ለልጁ ከመቀመጫው የሚነሳ አባትም እስከዛሬ አላየችም። ብስኩቱን በደረቷ አቅፋ ቀረች። ስታዘጋጀው የመጣችው ሁሉ ጠፋባት። «አባ» አለች በኦሮምኛ፣ «በሞቴ ይቀመጡ። ጉልበትዎን ያምዎታል።»

«ምንም አይደለም። ጉዳይዎ ተሳካልዎ?»

«ተሳካ። አባ፣ እባክዎ…»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ደስ አለዎት።» በከዘራቸው አዲሱን ሶፋ አሳዩዋት፤ ላስቲኩ ገና ያልተነሳለትን፣ ቄስ ሲመጣና ሽማግሌ ሲመጣ ብቻ የሚቀመጡበትን። «ይቀመጡ እንጂ። ከጊንጪ ነው የመጡት፣ መንገዱ ያደክማል።»

«እርስዎ ይቀመጡ፣ አባ።»

«እንግዳ ቆሞማ እኔ አልቀመጥም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። ፊታቸው ላይ ያለው ትሕትና ብቻ ነው፤ ጨዋ ሰው ለባዕድ የሚያሳየው ትሕትና። ከዘራው ላይ የተጫነው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ግራ ጉልበታቸውም ከሱሪው ስር ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ተንበርክካ ልትይዛቸው ብትሞክር ወደ ኋላ ሊያፈገፍጉ ነው፣ ወደ ኋላ ካፈገፈጉም ይወድቃሉ። ከዚያ በላይ መቆም እንደማይችሉ ከሥራዋ ብዛት ታውቃለች።

ፀዳለ ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ላስቲኩ ከስሯ ጮኸ። ኦቦ ዓብዲሳም ያን ጊዜ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ወደ ደጁም ዞር ብለው፣ ለእንግዳዋ ሻይ እንዲቀርብላት ጊፍቲን ጠሩ።